የካምቢዮአችንን ትኩሳት ማን ደበቀብን?

ዛሬ ስለ ፖለቲካ አንጽፍም፡፡ ስለ ፍቅርም አንጽፍም፡፡ ስለ ዘይት እንጽፋለን፤ ያውም ስለ ካምቢዮ ዘይት፡፡ ‹‹እናንተ ልጆች ምን ነካችሁ?›› ለምትሉ ትንሽ ታገሱን፡፡ ነገሩ ከዘይት እንደሚያልፍ ወደ መጨረሻው ታያላችሁ፡፡

የጀመረው እንዲህ ነው፡፡ ከመካከላችን አንዱ ዕድሜ የጠገበች አውቶማቲክ መኪና ይነዳል (መኪናዋ የወንድሙ ናት፤ ሀብታም እንዳትመስሉን)፡፡ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ስትወጣ ማርሽ ለመቀየር ታንገራግራለች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ድንገት ትዘላለች፡፡ ሰፈር ውስጥ ወዳለ አንድ ጋራዥ ወሰድናት፡፡ መካኒኩ ኮፈኑን ከፈተ፡፡ ዘይቱን በጣቱ ነካና አሸተተው፡፡ ከዚያ ታብሌት የመሰለች ማሽኑን ከመሪው በታች ሰክቶ ለአምስት ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ አፈጠጠባት፡፡ በመጨረሻም ፍርዱን ሰጠ፤ ‹‹ካምቢዮው ተቃጥሏል፡፡ ይውረድና ሌላ ይገባል፡፡›› የጠራልን ዋጋ የአንዳችንን የአንድ ዓመት የቤት ኪራይ ይሸፍናል፡፡

እኛም ጠየቅን፤ ‹‹ጋሼ፣ የካምቢዮው ዘይት ሙቀት ስንት ይላል?››

‹‹ልጆች፣ ሙቀት የሞተር ነው፤ የካምቢዮ ሙቀት የሚባል ነገር የለም፡፡ የሞተሩ ደግሞ ደህና ነው፤ ይኸው መሐል ላይ ቆሟል›› ብሎ የዳሽቦርዱን ቀስት አሳየን፡፡

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችን ይህች መልስ ናት፡፡ ምክንያቱም የካምቢዮ ሙቀት የሚባል ነገር አለ፡፡ ይለካልም፡፡ በአብዛኞቹ ዘመናዊ አውቶማቲክ መኪኖች ካምቢዮው ውስጥ ሙቀት የሚለካ ሴንሰር ተቀምጧል፤ ኮምፒውተሩ ማርሽ መቼ እንደሚቀይር ሲወስን ያንን ቁጥር በየቅጽበቱ ያየዋል፡፡ መኪናዋ ታውቃለች፡፡ የማናውቀው፣ ከፍለን የገዛናት እኛ ብቻ ነን፡፡

ዘይቱ ምን ያደርጋል?

በማንዋል መኪና የካምቢዮ ዘይት ሥራው በዋናነት ማለስለስ ነው፡፡ በአውቶማቲክ ግን ዘይቱ ሠራተኛው ራሱ ነው፡፡ ከሞተሩ የሚወጣው ኃይል በቶርክ ኮንቨርተር በኩል ወደ ካምቢዮው የሚተላለፈው በዘይት ነው፡፡ ውስጥ ያሉትን ፍሪሲዮኖች ጨቁኖ የሚይዛቸው የዘይቱ ግፊት ነው፡፡ ሙቀቱን ተሸክሞ ወደ ማቀዝቀዣ የሚያወጣውም እሱ ነው፡፡

እንግዲህ ይህ ዘይት ሲግል ምን ይሆናል? እንደ ካምቢዮው ዓይነት ቢለያይም፣ ብዙዎቹ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሠሩ ደስ ይላቸዋል፡፡ ከ110 በላይ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ዘይቱ ቶሎ ያረጃል፡፡ ወደ 130 ሲጠጋ ደግሞ ጎሚኒዎቹ ይደርቃሉ፣ ዘይቱ ቡናማ ዝቃጭ ይሠራል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ፍሪሲዮኖቹ መንሸራተት ይጀምራሉ፡፡ መንሸራተቱ ተጨማሪ ሙቀት ይፈጥራል፡፡ ሙቀቱ ተጨማሪ መንሸራተት ያመጣል፡፡ ከዚያማ የጋራዡ ፍርድ እውነት ይሆናል፤ ካምቢዮው በእርግጥ ይቃጠላል፡፡

ባለሙያዎች ‹‹ከልኩ በላይ በየ10 ዲግሪው የዘይቱ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል›› የሚል የግምት ስሌት አላቸው፡፡ የግምት ነው፤ መልእክቱ ግን ግልጽ ነው፡፡ በ90 እና በ120 መካከል ያለው ልዩነት በወረቀት ላይ 30 ዲግሪ፣ በካምቢዮው ላይ ግን ዕድሜ ነው፡፡

አሁን ይህን ወደ አዲስ አበባ አምጡት፡፡ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፡፡ እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ስለዚህ ያው ፋን በያው ፍጥነት ቢዞርም ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዝለት አየር ያንሳል፡፡ የእንጦጦ ጋራ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፡፡ በዚህ ላይ የትራፊክ መጨናነቁን ጨምሩበት፡፡ በዚህም ላይ የብዙዎቻችንን ክፉ ልማድ ጨምሩበት፤ ዳገት ላይ ቆመን ፍሬን በመያዝ ፈንታ ቤንዚን እየሰጠን መኪናዋን ማንሳፈፍ፡፡ መኪናዋ አልሄደችም፤ ሞተሩ ግን ኃይል እየሰጠ ነው፡፡ ኃይሉ የት ሄደ ትላላችሁ? ሙሉ በሙሉ ወደ ዘይቱ፣ በሙቀት መልክ፡፡

አባይ በረሃን ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን የወጣ ሰው ደግሞ ይህ ዘይት ምን እንደሚገጥመው መገመት አያቅተውም፡፡

ማን ደበቀው? አንደኛ ተከሳሽ፤ አምራቹ

ከመሪው በታች ያለችው ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት የተወለደችው ለእኛ ተብላ አይደለም፡፡ የተወለደችው ለጭስ ነው፡፡ የካሊፎርኒያ ግዛት የአየር ብክለት ተቆጣጣሪዎች የመኪና ኮምፒውተር ስለ ጭሱ እንዲናዘዝ ፈለጉ፡፡ ከዚያ እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በመላው አሜሪካ የሚሸጥ እያንዳንዱ የቤት መኪና ይህን አንድ ዓይነት ሶኬት እንዲይዝ ግዴታ ሆነ፡፡ የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2001 በአዳዲስ የቤንዚን መኪኖች ላይ ተከተለ፡፡

ሕጉ ጭስን የሚመለከቱ ቁጥሮች ለማንም ክፍት እንዲሆኑ አስገደደ፡፡ የሞተሩ ዙር፣ ፍጥነቱ፣ የሞተሩ ውኃ ሙቀት፡፡ እነዚህን የትኛውም ርካሽ አዳፕተር ያነባቸዋል፡፡ የካምቢዮው ዘይት ሙቀት ግን ለዕለት ተዕለት የጭስ ምርመራ አያስፈልግም ተባለና ለአምራቹ ተተወ፡፡ አምራቹም ቆለፈው፡፡ እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱን የጥያቄ ቁጥር አወጣ፡፡ ጄኔራል ሞተርስ በብዙ መኪኖቹ ‹‹22 1940›› ብላችሁ ካልጠየቃችሁት አይመልስላችሁም፡፡ ቶዮታ በብዙ መኪኖቹ በ21 የሚጀምር የራሱ ጥያቄ አለው፡፡

አሁን የሚያስቀውን እንንገራችሁ፡፡ የሞተሩ ውኃ ሙቀት በክፍቱ ጥያቄ ሲመጣ አንድ ቁጥር ሆኖ ይመጣል፤ ከእሱ 40 ትቀንሳላችሁ፡፡ 130 ከመጣ 90 ዲግሪ ነው ማለት ነው፡፡ የተቆለፈው የጄኔራል ሞተርስ የካምቢዮ ሙቀትስ እንዴት ይሰላል? እሱም 40 ይቀነሳል! በቁልፍ የተያዘው ታላቅ ምስጢር አንድ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሚሠራው የመቀነስ ሒሳብ ነው፡፡

‹‹ሹፌሩ ቁጥር ካየ በከንቱ ይደነግጣል›› የሚል መከራከሪያ አለ፡፡ እኛ ግን እንጠይቃለን፤ እናቶቻችን ቴርሞሜትር በልጅ ብብት ሥር አስገብተው 39 ሲያነቡ በከንቱ ይደነግጣሉ? አይደለም፤ ወደ ሐኪም ይሄዳሉ፡፡ ደግሞስ እነዚሁ ኩባንያዎች አሜሪካ ውስጥ ተጎታች ለሚጎትቱ ትልልቅ ፒክአፖቻቸው የካምቢዮውን ሙቀት ዳሽቦርድ ላይ ያሳያሉ፡፡ ስለዚህ ማሳየት አልቸገራቸውም፡፡ በጀልባ ተጎታች ለሚዝናና ሰው የሚገባ ቁጥር፣ አምስት ሰው ጭኖ እንጦጦን ለሚወጣ ሰው ለምን አይገባም?

ለእኛ የተተወልን የማስጠንቀቂያ መብራት ነው፡፡ ‹‹ፒ 0218›› የሚባል የካምቢዮ ከመጠን በላይ መጋል ኮድ አለ፡፡ ግን ይህ ኮድ የሚመዘገበው ዘይቱ ካለቀለት በኋላ ነው፡፡ ቤቱ ተቃጥሎ ካለቀ በኋላ ‹‹እሳት! እሳት!›› የሚል ዘበኛ ማለት ነው፡፡

የሞተሩ ቀስትም ቢሆን እውነተኛ እንዳይመስላችሁ፡፡ በብዙ ዘመናዊ መኪኖች ሙቀቱ ከ80 እስከ 100 ዲግሪ ገደማ ቢዋዥቅም ቀስቱ መሐል ላይ ተተክሎ እንዲቆም ሆኖ ነው የተሠራው፡፡ ጋሼ ያሳየን ቀስት እንዲህ ያለ ቀስት ነው፡፡

ሁለተኛ ተከሳሽ፤ ‹‹ኮምፒውተር ይታይ›› ባዩ

ፍትሐዊ እንሁን፡፡ በጆሮው ብቻ የሞተር በሽታ የሚለይ፣ ጀርባውን አስፋልት ላይ አንጥፎ አገር ያቆመ መካኒክ ባለውለታችን ነው፡፡ ንቀት የለብንም፡፡ ጠባችን ከአንድ ልማድ ጋር ነው፤ ታብሌቷን እንደ ጠንቋይ መስታወት ከሚጠቀም ልማድ ጋር፡፡ ማሽኗ ትሰካለች፣ ባለሙያው ያያል፣ እኛ አናይም፣ ፍርድ ይሰጣል፣ ብር ይከፈላል፡፡ ሐኪም እንኳ የደም ምርመራውን ወረቀት ይሰጣል፡፡ ከጋራዥ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይዞ የወጣ ከመካከላችሁ ስንት ነው?

ቁጥሩ ደግሞ ለሹፌር የወሬ ማሟያ አይደለም፤ ለመካኒኩም የሥራ መሣሪያ ነው፡፡ ብዙ አዳዲስ አውቶማቲኮች የዘይት መለኪያ ዘንግ የላቸውም፡፡ የዘይቱ መጠን የሚታየው ከሥር ባለ ቡሎን ነው፤ ያውም ዘይቱ በተወሰነ ሙቀት ላይ ሲሆን ብቻ፡፡ በብዙ የቶዮታ ካምቢዮዎች ይህ ሙቀት 40 ዲግሪ አካባቢ ነው፡፡ ዘይት ሲሞቅ ያብጣል፡፡ በ80 ዲግሪ ልኩን ያየ መካኒክ ዘይቱ ሳይሞላ ‹‹ሞልቷል›› ይላል፤ በ20 ዲግሪ ያየ ደግሞ ከልክ በላይ ያስቀራል፡፡ ሁለቱም ካምቢዮ ይጎዳሉ፡፡ ቶዮታ ራሱ በብዙ ሞዴሎቹ ለዚህ ሥራ ሲል የሶኬቷን 4ኛና 13ኛ ቀዳዳ አገናኝቶ ሙቀቱ ልክ ሲደርስ በዳሽቦርዱ መብራት የሚናገርበትን መንገድ አስቀምጧል፡፡ (እናንተ በሽቦ እንዳትሞክሩት! 16ኛው ቀዳዳ በቀጥታ ከባትሪው የሚመጣ ኃይል ነው፡፡) እንግዲህ ሙቀቱን ሳይለካ የካምቢዮ ዘይት የሞላ ሰው፣ ሞላ ሳይሆን ገመተ ነው የሚባለው፡፡

የዘይቱም ዓይነት አለ፡፡ ሲቪቲ የሚባለው በቀበቶ የሚሠራ ካምቢዮ የራሱ ዘይት አለው፡፡ ‹‹ያው አውቶማቲክ አይደለም እንዴ?›› ብሎ የተራውን አውቶማቲክ ዘይት የሚሞላበት ሰው ሕይወቷን ያሳጥራል፡፡

ሦስተኛ ተከሳሽ፤ እኛ

አዎ፣ እኛ፡፡ ስልካችን ባትሪው ስንት ፐርሰንት እንደቀረው በሰዓት አሥር ጊዜ እናያለን፡፡ ስልካችንን መቶ ጊዜ የምታጥፍ ዋጋ ያላትን መኪና ግን ‹‹አንድ ነገር ትላለች›› ብለን ለዓመት እንነዳለን፡፡ ስታስቸግር ለመጀመሪያው ሰው አስረክበን ማኪያቶ ልንጠጣ እንሄዳለን፡፡ ‹‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም›› ይላሉ አባቶቻችን፡፡ በሽታውን ለማየት ያልፈለገስ?

ወደ መኪናችን እንመለስ፡፡ ካምቢዮዋን አላስወረድንም፡፡ ከጓደኛ ብሉቱዝ አዳፕተር ተዋስን፤ ስልክ ላይ ፕሮግራም ጫንን፤ የመኪናዋን የተለየ ጥያቄ ፈልገን አስገባን፡፡ አንዳችን ነዳ፣ አንዳችን ጎን ተቀምጦ አነበበ (እየነዳችሁ ስክሪን አታንብቡ፤ ካምቢዮ ይተካል፣ ሰው አይተካም)፡፡

በቀለበት መንገድ፣ ሜዳ ላይ፤ ሞተሩ 90፣ ካምቢዮው 112፡፡ ወደ እንጦጦ ሽቅብ፤ ሞተሩ 94፣ ካምቢዮው 131፡፡

እዚህ ላይ ቁጥሩ ማውራት ጀመረ፡፡ በብዙ መኪኖች የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው በራዲያተሩ ውስጥ በሚያልፍ ቱቦ ነው፤ ስለዚህ ሜዳ ላይ ሁለቱ ቁጥሮች ብዙም መራራቅ አልነበረባቸውም፡፡ ሞተሩ እየቀዘቀዘ ካምቢዮው ብቻ የሚግል ከሆነ፣ ዘይቱ ወደ ራዲያተሩ እየደረሰ አይደለም ማለት ነው፡፡ ሌላ መካኒክ ጋ ሄደን ቁጥሮቹን በወረቀት ሰጠነው፡፡ ከሥር ገባና በአሥር ደቂቃ ውስጥ እየሳቀ ወጣ፡፡ ቀደም ሲል ራዲያተሩ ሲያፈስ አንድ ሰው የካምቢዮውን ሁለት ቱቦዎች ከራዲያተሩ ነቅሎ በቁራጭ ብረት እርስ በርሳቸው አገናኝቷቸዋል! ዘይቱ ሳይቀዘቅዝ ዝም ብሎ ይዞራል፡፡

ከሶማሌ ተራ ደህና ራዲያተር ተገዛ፡፡ ቱቦዎቹ ተቀየሩ፤ ዘይቱም በልኩ ሙቀት ተሞላ፡፡ በዚያው ዳገት ላይ 98፡፡ የወጣው ብር ከተጠራልን ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም፡፡ ልንዋሻችሁ አንፈልግም፤ መኪናዋ አዲስ አልሆነችም፡፡ በጠዋት ቅዝቃዜ አሁንም ትንሽ ታንገራግራለች፤ የተጎዳው ተጎድቷል፡፡ ግን ትሄዳለች፡፡ ደግሞ አስቡት፤ ካምቢዮው ወርዶ ሌላ ቢገባላት ኖሮ አዲሱም በዚያው ቱቦ ይቃጠል ነበር፡፡

ከመካከላችን አንዷ ይህን ሁሉ ሰምታ ‹‹በጊዜው ዘይት ቀይሩና ተዉን፤ ቁጥር ማሳደድ ሥራ ፈትነት ነው›› አለችን፡፡ ግማሹ ልክ ነው፤ ዘይት በጊዜው ይቀየር፡፡ ግን የዚያችን መኪና ዘይት በየወሩ ብንቀይረው ኖሮ በየወሩ አዲስ ዘይት እናቃጥል ነበር፡፡

አሁን ለምን?

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በስተቀር የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታውቋል፡፡ ስለ ውሳኔው ጥሩነትና መጥፎነት ሌላ ቀን እንጣላለን፡፡ ለዛሬው ትርጉሙ ይህ ነው፤ ያሉን የቤንዚን መኪኖች ይበልጥ እያረጁ አብረውን ይቆያሉ፡፡ የሚተካው ካምቢዮም ከሌላ ያረጀ መኪና የወጣ፣ ምን ያህል እንደጋለ ማንም የማያውቀው ካምቢዮ ነው፡፡

‹‹እኔ ኤሌክትሪክ ገዝቻለሁ፣ ምን አገባኝ?›› የምትሉም አትሳቁ፡፡ የእናንተ መኪና ካምቢዮ ባትሪው ነው፡፡ የባትሪው የየክፍሉ ሙቀትና ጤንነት በመኪናዋ ኮምፒውተር ውስጥ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜም ልክ እንደ ካምቢዮው በአምራቹ የተለየ ጥያቄ ተቆልፎ ነው ያለው፡፡ ነገ አገልግሎት የሰጠ የኤሌክትሪክ መኪና ከደላላ ስትገዙ ‹‹ባትሪዋ አሪፍ ነው›› በሚል ቃል ትገዛላችሁ፡፡ ዛሬ ካልጠየቅን ነገም አይነገረንም፡፡

ጥያቄው የእኛ ቅብጠት ብቻ አይደለም፡፡ የአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ከዚያም በ2020 ድምፅ ሰጥቶ የመኪናው የጥገና መረጃ ለባለቤቱና ለመረጠው ጋራዥ ክፍት እንዲሆን ወስኗል፡፡ አምራቾቹ በፍርድ ቤት ተከራክረዋል፡፡ ሰዎቹ ግን አንድ ነገር ገብቷቸዋል፤ የገዛኸውን ነገር ቁጥር ካላየህ፣ አልገዛኸውም፤ ተከራይተኸዋል፡፡

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፤ አዳፕተር ግዙ፤ ለአራት ለአምስት ሆናችሁም ቢሆን፡፡ ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ፡፡ ገበያውን የሞላው ‹‹ኢኤልኤም 327›› የተባለው የካናዳ ቺፕ ቅጂ ነው፡፡ ሻጩ ‹‹1.5 እትም ነው›› ብሎ ቢምልላችሁ ፈገግ በሉ፤ ዋናው ኩባንያ 1.5 የሚባል እትም አውጥቶ አያውቅም፡፡ ጥሩ ቅጂም አለ፣ የተለየውን ጥያቄ ማስተላለፍ የማይችልም አለ፤ ሳትከፍሉ በመኪናችሁ ላይ አስሞክሩ፡፡ ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ በተሠሩ አሮጌ መኪኖች ላይ ሶኬቷ አንድ ዓይነት ብትመስልም ቋንቋዋ ሊለይ ይችላል፡፡ አንብባችሁ ስትጨርሱ ንቀሉት፤ ተሰክቶ ካደረ ባትሪ ይጠጣል፡፡

ሁለተኛ፤ ፕሮግራሙ ‹‹ሙቀት›› ብሎ በነጻ የሚያሳያችሁ የሞተሩ ውኃ ነው እንጂ የካምቢዮው አይደለም፡፡ ሁለቱን ለዩ፡፡ ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ፡፡ በጠዋት፣ በመጨናነቅ፣ በዳገት ስንት እንደሚሆን መዝግቡ፡፡ የመኪናችሁን ጤነኛ ቁጥር ያላወቀ ሰው የታመመ ቁጥሯን ሊያውቅ አይችልም፡፡

ሦስተኛ፤ ዳገት ላይ ስትቆሙ ፍሬን ያዙ፡፡ ይህ ነጻ ነው፡፡

አራተኛና ዋናው፤ ማንም ‹‹ካምቢዮ ይውረድ›› ሲላችሁ አንድ ነገር ብቻ በሉት፡፡ በትሕትና፣ ያለ ጠብ፤ ‹‹ጋሼ፣ ቁጥሩን ያሳዩን፡፡›› ካሳየ ባለሙያ ነው፤ ክፈሉት፣ ለጓደኛም ንገሩለት፡፡ ካላሳየ ቁልፋችሁን ተቀበሉ፡፡

ነገሩ ከዘይት ያልፋል ብለናችሁ ነበር፡፡ በዚህች ከተማ ቁጥሩ የተደበቀብን ነገር ብዙ ነው፡፡ ሁሉንም በአንድ ቀን አናስከፍትም፡፡ ይቺኛዋ ግን ከመሪያችን ሥር፣ ከጉልበታችን በአንድ ስንዝር ርቀት ላይ ናት፡፡ ከእሷ እንጀምር፡፡

ቸር እንሰንብት፡፡